እማሆይ አስራ ሁለት ሊትር እስክትጠጣ

ተረት ነው ያለ ያዳምጥ፤ እውነት ነው ያለ ወገቡን ይጠብቅ።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዳገቱ ጎረምሳውን ሳይቀር በሚያንበረክክበት ሰፈር፣ ጋሽ ወንድይራድ የሚባል ባለ ታክሲ ነበረ። ታክሲው ሰማያዊና ነጭ ነበረች፤ ሰማያዊውን ፀሐይ በልቶት ነጭ ሆኗል፣ ነጩን ደግሞ ጭስ በልቶት ስም የሌለው ቀለም ሆኗል። ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ እንጨቱን ያመላለሰችለት እሷ ናት የሚሉ አሉ። ይሄ ውሸት ነው፤ ያመላለሰችው ምስማሩን ብቻ ነው።

የተራው ሾፌሮች እማሆይ ይሏታል፤ ስለምትጾም። ሌላው ታክሲ ገና በማለዳው ቤንዚን ሲል እማሆይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትውላለች። ምስጢሩ ግን የመኪናዋ ጽድቅ ሳይሆን የጋሽ ወንድይራድ እጅ ነው። ቁልቁለት ባየ ቁጥር እጁ ራሱ ሄዶ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ ያደርጋል፣ ቁልፉን ያጠፋል። እማሆይ ጸጥ ብላ ትንሸራተታለች፣ ተሳፋሪው በልቡ ጸሎት ያደርሳል፣ ሜዳው ሲደርስ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርግ ሞተሩ ኧኸ ብሎ ይነሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነዳ። ቁልቁለት እግዜር የከፈተው ማደያ ነው ይል ነበር።

ችግሩ ጠዋት ነው። የእማሆይ ሞተሪኖ ከሞተ ቆይቷል፤ ሙት ዓመቱ እንኳ አስራ አምስት ጊዜ ተቆጥሯል። በቁልፍ አትነሳም። ከግቢው በር እስከ ቁልቁለቱ አፍ ደግሞ ሃያ ሁለት እርምጃ ሜዳ አለ። ያንን ሃያ ሁለት እርምጃ በየቀኑ የምትገፋው የጋሽ ወንድይራድ ሚስት፣ ስንዱ ናት። ነጠላዋን በወገቧ ታስራለች፣ ሁለት መዳፏን ከኋላ ታሳርፋለች፣ ትገፋለች። ከመግፋቷ ብዛት የአስር ጣቶቿ ቅርጽ በቆርቆሮው ላይ ወጥቷል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል፣ ድንቢጦች ይጠጡበታል።

አንድ ቀን ስንዱ ገፍታ ስታበቃ ቀና ማለት አቃታት። ሐኪሙ የወገቧን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው። ከዚህ በኋላ ባልዲም አታንሺ አላት። መኪና እገፋለሁ ስትለው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ሳቁን አቆመና ለባልየው ነገረው። ጥቂት ቀን ከገፋች ይህ ወገብ ወገብ መሆኑን ይተዋል።

ጋሽ ወንድይራድ በሕይወቱ ብዙ ነገር ተመኝቶ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንዲት ነገር ተመኘ፤ ስንዱ የማትገፋት መኪና።

እግዜር የሰማው መሰለው። በዚያው ሳምንት ራዲዮኑ አወጀ፤ አሮጌ መኪናውን ያስረከበ ሰው አዲስ መኪና በምትኩ ይወስዳል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው። አሮጌዋ መኪና ቤንዚን አባካኝ መሆን አለባት፤ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከአስራ ሁለት ሊትር በላይ የጠጣች ትቀየራለች፣ ከዚያ በታች የጠጣች ግን ጤነኛ ናትና አትቀየርም።

ስንዱ ገፋች፤ እማሆይ አንድ አሳለች፣ ሁለት አሳለች፣ ተነሳች።

መንገድ ላይ ብትጠፋ የምትገፋው ስንዱም አብራ ተሳፈረች። የመኪና ለውጥ ጽሕፈት ቤቱ ሰልፍ ከሰልፍ ይልቅ አገር ይመስል ነበር። ጭራው ላይ የተዋወቁ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መሐሉ ላይ ተጋብተው፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ክርስትና ያስነሳሉ። በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ጸሐፊ ትርሲት ትባላለች። ጥፍሯ የተቀባ፣ አንገቷ ረጅም፣ አነጋገሯ ትሑት ነው። ስሙን መዘገበችና ወደ ለኪው ላከችው።

ለኪው መነጽራም ሰው ነው። ከቤንዚን ቱቦው ላይ አንድ ብልቃጥ ገጠመ፣ ጋሽ ወንድይራድ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የመጣውን ቤንዚን ቀዳበት፣ ደብተሩን ይዞ ከጎኑ ተቀመጠና እንደ ወትሮዎ ይንዱ አለው።

እንደ ወትሮው ነዳ። ጥፋቱም ይኸው ነው።

ልቡ ዛሬ አባክን፣ ዛሬ እንደ ጎረምሳ ርገጥ ይለዋል። እግሩም ሊረግጥ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱ ገና ብቅ ሲል እጁ ማንንም ሳያማክር ሄዶ ማርሹን ፎሌ አደረገ፣ ቁልፉን አጠፋ። እማሆይ ጸጥ ብላ ተንሸራተተች። ጋሽ ወንድይራድ እጁን ያየው ካጠፋ በኋላ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ያህል ደነገጠ። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይም ያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ እጁን በቂጡ ሥር ሸሸገው፤ ግራ እጁ ተሻግሮ አጠፋው።

ለኪው ብልቃጡን አየ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ አየ። ለመቶ ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር። ሞተር ብስክሌት እንኳ ይሄን ያህል አይጾምም አለ፣ በአድናቆት።

ትርሲት ቁጥሩን ስታይ ከልቧ ደስ አላት። "አባቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። መኪናዎ ከከተማው መኪና ሁሉ ቆጣቢ ናት።"

"እሱማ እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም፣ ልጄ።"

"ወረቀቱ ስለ እርስዎ አይጠይቅማ።"

ጋሽ ወንድይራድ ስለ ፎሌው ነገራት፣ ስለ እጁ ነገራት፣ ስለ ስንዱ ወገብ ነገራት። አዘነችለት፤ ማዘኗ እውነት ነው። ግን ቁጥሩ ካልተለወጠ መጻፍ አትችልም። ለኪው ዳግመኛ ለክቶ ሌላ ቁጥር ካመጣ ትጽፋለች፤ ለኪው ካልለካ ጸሐፊዋ አትጽፍም፤ ጸሐፊዋ ካልጻፈች እማሆይ አትቀየርም፤ እማሆይ ካልተቀየረች የስንዱ ወገብ አያርፍም።

ከመኪናው ኋላ ቆማ የምትጠብቀው ስንዱ ገፋች፤ እማሆይ አንድ አሳለች፣ ሁለት አሳለች፣ ተነሳች። እማሆይ የቆመችበት ጥግ ሜዳ ነበርና ሠላሳ እርምጃ ገፋች።

ለኪው እምቢ አላለም፤ እምቢ የሚል ሰው በዚህ ተረት ውስጥ የለም፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሠራ ነበር፣ ያንን አንድ ነገር ቢያገኝ። ለኪው የፈለገው ሙሉ ቋት ነው። የመጀመሪያው ልኬት በጠርሙስ ቤንዚን ይታለፋል፤ ሁለተኛው ግን ማደያ ላይ ቋቱ እስከ አፉ ሞልቶ መሆን አለበት። ቀጂው ካልቀዳ ለኪው አይለካም፤ ለኪው ካልለካ ጸሐፊዋ አትጽፍም፤ ጸሐፊዋ ካልጻፈች እማሆይ አትቀየርም፤ እማሆይ ካልተቀየረች የስንዱ ወገብ አያርፍም።

ወደ ማደያው ሄዱ። ቀጂው ሙክታር የሚባል ወፍራም ሰው ነው፤ የቤንዚን ሽታ ከመልመዱ የተነሣ ንጹሕ አየር ያስነጥሰዋል። ቧንቧውን አንሥቶ ሊሰካ ሲል ዓይኑ መስተዋቱ ላይ አረፈና ቧንቧውን መለሰው። ቦሎው ያምና ነው። የዘንድሮ ምርመራ ላላለፈ መኪና እንዳትቀዱ ተብለናል፣ ጋሼ፣ አለው። ቀደም ሲል በጠርሙስ ሲቀዳለት ኖሮ ዛሬ ምን እንደተገኘ ቢጠይቀው፣ ጠርሙስ ቦሎ የለውም አለ። እውነቱን ነው። መርማሪው ቦሎ ካልለጠፈ ቀጂው አይቀዳም፤ ቀጂው ካልቀዳ ለኪው አይለካም፤ ለኪው ካልለካ ጸሐፊዋ አትጽፍም፤ ጸሐፊዋ ካልጻፈች እማሆይ አትቀየርም፤ እማሆይ ካልተቀየረች የስንዱ ወገብ አያርፍም።

ስንዱ ገፋች። ማደያው ትንሽ ዳገት ነበረው። እማሆይ አንድ አሳለች፣ ሁለት አሳለች፣ ሦስተኛው ላይ ተነሳች። ጋሽ ወንድይራድ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሲያይ ስንዱ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር። እስክትደርስበት ቆሞ ጠበቃት። ስትገባ ፊቷ ላብ ነው።

"ወንድዬ፣" አለችው፣ "መሪውን ለእኔ ሰጥተህ አንተ ብትገፋስ?"

ሳቀ። እማሆይ ከእሱ እጅ በቀር የማንንም እጅ አታውቅም፣ ደግሞ መንዳት በአንድ ቀን አይለመድም አላት። ስንዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ቀን እንደሆነ እያሰላች ይሆናል።

የምርመራ ጣቢያው ሰው በጣም ጠንቃቃ ነው። እናቱ ብትመጣ እንኳ ፍሬኗን ሳይሞክር አያሳልፋትም ይባላል። መብራቷን አየ፣ ጎማዋን ረገጠ፣ ጭሷን አሸተተ፤ ጭሱን ያዩ ቁራዎች ዘመድ የሞተ መስሏቸው ተሰበሰቡ፤ እሱን ሁሉ አለፈላት። መጨረሻ ላይ ዳገት ላይ አቆማትና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። እማሆይ ወደ ኋላ ወረደች። የእጅ ፍሬኗ ገመድ ከተበጠሰ ስምንት ዓመቱ ነው። ጋሽ ወንድይራድ ሲያቆማት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያደርጋል፤ ድንጋይዋም እንደ ዘመድ የራሷ ቦታ አላት፣ ከኋላ ወንበር ሥር። መርማሪው ድንጋይን ፍሬን ብዬ አልጽፍም አለ፤ አስጠግነህ ና።

መካኒኩ ካልጠገነ መርማሪው ቦሎ አይለጥፍም፤ መርማሪው ካልለጠፈ ቀጂው አይቀዳም፤ ቀጂው ካልቀዳ ለኪው አይለካም፤ ለኪው ካልለካ ጸሐፊዋ አትጽፍም፤ ጸሐፊዋ ካልጻፈች እማሆይ አትቀየርም፤ እማሆይ ካልተቀየረች የስንዱ ወገብ አያርፍም። ስንዱ ገፋች። እማሆይ ስንት እንዳሳለች ማን ቆጠረ፤ ተነሳች።

መካኒኩ ቀጄላ የድሮ ወዳጅ ነው። ከእማሆይ ሥር ተኝቶ የኖረው ዘመን ከሚስቱ ጎን ከተኛው ይበልጣል። ሥር ገብቶ አየና ሳይወጣ ከዚያው ተናገረ። መጠገኑን በአንድ ሰዓት እጠግነዋለሁ፣ ግን ገመዱን ከየት ላምጣው? የዚህች መኪና ገመድ የሚሠራበት አገር እንኳ ስሙን ቀይሯል። ካለ ምናለሽ ተራ ነው ያለው፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ዘንድ።

"እሷን ግን ለምን ታስገፋታለህ፣ ጋሼ?" አለ በዚያው ተኝቶ። የሚታየው ሁለት ጫማው ብቻ ነበር።

"ለመጨረሻ ጊዜ ነው።"

"አምናም እንዲህ ብለኸኝ ነበር።"

ምናለሽ ተራ ደረሱ፤ እንዴት ደረሱ ከተባለ፣ ስንዱ ገፍታ። አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ ሱቃቸው ውስጥ ያልነበረ ነገር አልነበረም። የጎደለ ጥርስ፣ የአንበሳ አውቶብስ ደወል፣ የሰማይ መዝጊያ ማጠፊያ ሳይቀር ይገኛል ይባላል። ያን ቀን ግን መደርደሪያው ባዶ ነበረ፤ ሸረሪቷ እንኳ የምታደራበት ሁለት ነገር አጥታ ከግድግዳ ወደ ሐጂ ሸምሱ ጢም ድር ዘርግታ ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ይሄን ሁሉ መንገድ በቃሉ ስለያዘው እንደ ዳዊት ይወጣለት ጀመር። ነጋዴው ካልሸጠ መካኒኩ አይጠግንም፣ ሐጂ፤ መካኒኩ ካልጠገነ መርማሪው ቦሎ አይለጥፍም፤ መርማሪው ካልለጠፈ ቀጂው አይቀዳም፤ ቀጂው ካልቀዳ ለኪው አይለካም፤ ለኪው ካልለካ ጸሐፊዋ አትጽፍም፤ ጸሐፊዋ ካልጻፈች እማሆይ አትቀየርም፤ እማሆይ ካልተቀየረች የስንዱ ወገብ አያርፍም።

ሐጂ ሸምሱ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ አላህ ይርዳህ ብለው ነገሩን አስረዱት። አዋጁ ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና ፈትቶ መሸጥ ክልክል ነው። አሮጌ መኪና ሁሉ ወደ መጨፍለቂያው ግቢ ይሄዳል፤ ገመዱም ብሎኑም ከዚያ ተለቅሞ ለነጋዴ ይሸጣል። ግን መጨፍለቂያው እስካሁን አንድ መኪና አልጨፈለቀም። ለምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ሂድና አንተው ጠይቀው።

ሂድ ያሉት ቦታ ሩቅ ነው፤ ከከተማው ጫፍ። እማሆይ በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋች። ሦስት ጊዜ ስንዱ ወረደች። በሦስተኛው ወርዳ ስትገፋ ድምፅ አታሰማም ነበር፤ ከዚህ ቀደም ስትገፋ ማርያም ማርያም ትል ነበር።

የመጨፍለቂያው ግቢ ሰፊ ነው። መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚያክል ቢጫ ማሽን ቆሟል፤ ጥርሱ ብረት፣ ሆዱ ብረት፣ ቀለሙ ገና አልተጫረም። ግቢውን የሚያዘው ሻምበል በዛብህ የሚባል የድሮ ወታደር ነው። ሸሚዙ ተተኩሶ ዝንብ እንኳ ሲያርፍበት ያንሸራትተዋል። ጋሽ ወንድይራድ ቆሞ እንደ ምልምል ደገመለት። ጨፍላቂው ካልጨፈለቀ ነጋዴው አይሸጥም፤ ነጋዴው ካልሸጠ መካኒኩ አይጠግንም፤ መካኒኩ ካልጠገነ መርማሪው ቦሎ አይለጥፍም፤ መርማሪው ካልለጠፈ ቀጂው አይቀዳም፤ ቀጂው ካልቀዳ ለኪው አይለካም፤ ለኪው ካልለካ ጸሐፊዋ አትጽፍም፤ ጸሐፊዋ ካልጻፈች እማሆይ አትቀየርም፤ እማሆይ ካልተቀየረች የስንዱ ወገብ አያርፍም።

ሻምበል በዛብህ መጨፍለቅ እንደሚወድ ነገረው። ማሽኑ ከመጣ ሰባት ወር ሆነው፣ በየቀኑ ዘይት ይቀባዋል። ነገር ግን ወረቀት የሌለው መኪና አይጨፈልቅም።

"የቱን ወረቀት?"

"ጸሐፊዋ የምትጽፈውን ነዋ።"

ጋሽ ወንድይራድ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጨፍላቂው ጸሐፊዋን ይጠብቃል፣ ጸሐፊዋ ለኪውን፣ ለኪው ቀጂውን፣ ቀጂው መርማሪውን፣ መርማሪው መካኒኩን፣ መካኒኩ ነጋዴውን፣ ነጋዴው ደግሞ ይኸውና ጨፍላቂውን። ሰባቱም እጃቸውን አጣጥፈው፣ እርስ በርስ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይጠባበቃሉ። ከሁሉም ኋላ የቆመችው ስንዱ ናት። እሷ ብቻ ናት የማትጠብቀው፤ ትገፋለች።

እንዲህ እንደተቀመጠ የሻምበል በዛብህ ስልክ ጠራ። ሻምበል ተነሥቶ ቆመ፤ በስልክ ሰላምታ ሰጠ፤ አቤት ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት ጌታዬ አለ። ሲዘጋው ፊቱ አመድ መስሏል። ነገ ማሽኑ ይመረቃል። ትልቅ ሰው ሪባን ይቆርጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ከአምስት መቶ ወንበር በላይ ተከራይቷል። የሚጨፈለቅ መኪና ግን የለም። ሻምበል ወደ እማሆይ ዞሮ አያት፤ ቅርጫ የሚገባ ሰው በሬ ሲያይ እንደሚያየው አይደለም፣ ራሱ ሊታረድ የቀረበ ሰው ምትክ ሲያገኝ እንደሚያየው ነው።

ስጠኝ አለው። ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል፤ ለምርቃት ሲሆን ይፈቀዳል።

ጋሽ ወንድይራድ አሰበ። ወረቀቱ ካልደረሰ አሮጌዋም አዲሷም የሉም። ሠላሳ አንድ ዓመት የበላበት እንጀራ፣ ሁለት ልጅ ያስተማረበት ወንበር፣ በአንድ ጉርሻ ይሄዳል። አልሰጥም ሊል አፉን ከፈተ።

"ስጠው፣" አለች ስንዱ። መኪናው ላይ ተደግፋ ነበር፣ ቀጥ ብላ መቆም ስላልቻለች። "ከዚህ እስከ ቤት ድጋሚ ገፍቼ የማስነሳበት አቅም የለኝም። ስጠውና በእግሬ እሄዳለሁ።"

ሰጠ።

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞላ። ትልቁ ሰው ስለ ነዳጅ ቁጠባ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ከመርዘሙ የተነሣ ሲጀምር የተላጩ ሰዎች ሲጨርስ ጢማቸው በቅሏል። ሪባኑ ተቆረጠ። እማሆይ ወደ ማሽኑ አፍ እንድትገባ ታዘዘች። ግን በቁልፍ አትነሳም። ጋሽ ወንድይራድ መሪው ላይ ነበር። ሠራተኞቹ ወረቀት የሌለው መኪና መንካት አይፈቀድላቸውም። እንግዶቹ ሱፍ ለብሰዋል። ካሜራው ይጠብቃል።

ማንም አላዘዛትም። ስንዱ ነጠላዋን በወገቧ አሰረች፤ ሁለት መዳፏን በለመዱት ጎድጓዳ ውስጥ አስቀመጠች፤ ገፋች። አስራ አራት እርምጃ ነበር። ጋሽ ወንድይራድ በማሽኑ አፍ ላይ ሲደርስ ዘሎ ወረደ፤ እማሆይ ገባች፤ ብረቱ ተከደነ። ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሽ ወንድይራድም የተሰበረው የመኪናዋ ጣሪያ መስሎት ነበር። ዞር ሲል ስንዱ መሬት ላይ ነበረች።

ባለ ታክሲው ሚስቱን ሐኪም ቤት የወሰዳት በፈረስ ጋሪ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ያልቃል። ጨፍላቂው ስለጨፈለቀ ነጋዴው የሚሸጠው አገኘ፤ ከእማሆይ ሆድ የወጣውን የተበጠሰ ገመድ ለጋሽ ወንድይራድ መልሶ ሸጠለት፤ የራሱን ገመድ ለራሱ። ነጋዴው ስለሸጠ መካኒኩ ጠገነ፤ እማሆይ አሁን የሻንጣ ያህል የብረት ጥቅልል ናት፣ በጋሪ ነው የመጣችው፤ ቀጄላ ግን ሳቅም ለቅሶም ሳያሳይ ገመዱን ቋጠረና በጥቅልሉ ላይ አሰረው። መካኒኩ ስለጠገነ መርማሪው ዳገት ላይ አስቀመጣት፣ ገመዱን ሳበ፣ ጠበቀ። ጥቅልሏ ንቅንቅ አላለችም። ፍሬኑ ይይዛል ብሎ ቦሎውን ለጠፈ። መርማሪው ስለለጠፈ ሙክታር ቦሎውን አይቶ ሃያ ሊትር በላይዋ ላይ ቀዳ፤ መሬቱ ጠጣው። ቀጂው ስለቀዳ ለኪው ደብተሩን ከፈተ። የጠጣችው ሃያ ሊትር፤ የሄደችው ዜሮ ኪሎ ሜትር። አካፈለ፣ አልካፈል አለው፤ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ አባካኝ መኪና ለክቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ለኪው ስለጻፈ ትርሲትም ጻፈች። ማኅተሙን ስትመታ እጇ ትንሽ ቆየ።

"እትዬ እንዴት ናቸው?" አለችው።

ጋሽ ወንድይራድ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቢመልስላት እሷም የምትጽፍበት ቦታ አልነበራትም።

አዲሷን መኪና በዚያው ሳምንት ሰጡት። ነጭ ናት። ወንበሯ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው፤ ቤንዚንም ጭስም ድምፅም የላትም። ጣት ሲነካት ትነሳለች። ጋሽ ወንድይራድ የራሱን ዳገት ላብ ሳያልበው ወጣ። የሰፈሩ ልጆች ተከትለው ሮጡ፤ ጎረቤቶቹ እልል አሉ። እሱ ግን ከቤቱ መስኮት ሥር አቆማትና ከመሪው ላይ እጁን ሳያነሣ ተቀመጠ።

ስንዱ ከመስኮቱ ማዶ ናት። ሐኪሙ ሰሌን ላይ፣ በጀርባዋ፣ ሳትነቃነቅ ተኚ ብሏታል። እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገረም፤ ጋሽ ወንድይራድም አልጠየቀም። መኪና ላይ መቀመጥማ የማይታሰብ ነው። ጣሪያውን ታያለች፤ ሌላ የምታየው የለም።

"ስንዱ፣ መጣች፣" አላት በመስኮቱ።

"የታለች? አልሰማኋትም።"

"እዚህ ናት። ከመስኮቱ ሥር። ተነስታ ነው ያለችው።"

ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠች። ሳል የለም፤ ኧኸ የለም፤ ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥ የለም። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል፣ እንደተጨነቀ ሰው፣ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

"ማን ገፋልህ?"